ያላለቀ ዘይት አይደፋም ላሉት ለቅሬያችን ሰብሳቢ

ለተከበሩ ሐጅ ዑበይዱላህ፣
የቅሬያችን፣ የዕድራችን ሰብሳቢና የመኪናችን ባለአደራ፣
ባሉበት።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ውጫሌ ገበያ የምትመላለሰው አይሱዙዎስ ደኅና ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከተኛሁበት ተነሥቼ ብዕር ለመጨበጥ በቅቻለሁ። ቅሬተኛው ሁሉ ያነበው ዘንድ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብዎ ላመስግን። እስላም ክርስቲያን ሳንል አዋጥተን፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት፣ ጀናዛ መቃብር እንድታደርስልን የገዛናትን መኪና ሲረከቡ፣ ሾፌራችን ዝናቡ የሞተሩ ዘይት በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር ይወስኑለት ዘንድ ጠይቆዎት ነበር። እርስዎም መለኪያውን መዘው፣ ጣትዎን አስነክተው ካዩ በኋላ፣ ዘይቱ ጠቆረ እንጂ አላለቀም፣ ያላለቀ ነገር መድፋት ደግሞ ኢስራፍ ነው፣ አላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ ብክነት ነው ብለው ፈረዱ። ጋራዥን ከሸሪዓ ያስታረቀ እንደ እርስዎ ያለ ዓሊም አምባሰል እስከ ዛሬ አላበቀለችም።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ዝናቡ ሞተሩ ያጓራል ብሎ ደጅዎ በተመላለሰ ቁጥር፣ ከጎደለ ጨምርበት፣ በሰው ንብረት አታሟርት እያሉ በአባትነት ገሥጸው መልሰውታል። እሱም ጨመረበት። ምን ያድርግ?

ሦስተኛ፣ በዚያው ሰሞን አይሱዙዎ ሐይቅ ጋራዥ ገብታ፣ ገና በቅጡ ያልጠቆረ ዘይቷ ተደፍቶ አዲስ ሲሞላላት ባለቤቴ ሀምዱ በዐይኑ አይቷል። ይህኛው መድፋት በየትኛው ኪታብ እንደተፈቀደ ቢያስተምሩን፣ እኛ መሃይማን እንጠቀም ነበር።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩም ጠፋኝ። ምጥ ጠንቶብኝ ወደ ደሴ ስንጣደፍ፣ ሐይቅ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን ሞተሩ ተጣብቆ ቀጥ አለ። ዝናቡ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ያዘ። ያ ያዘኑለት ዘይት እንደ ሬንጅ ረግቶ ነበር። ሌላ መኪና ቢለመን የሚቆም ጠፋ፤ ለጀናዛ በተጫነው ቃሬዛ ላይ አጋድመው ተሸከሙኝ። ልጄ አስፋልት ዳር ተወለደ። አላለቀሰም። ወንድ ነበር፣ ሐጅ፤ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ።

ለተዕዚያ፣ ሊያጽናኑኝ ቤታችን ድረስ መጥተው የአላህ ቀደር፣ የእሱ ውሳኔ ነው፣ ሶብር አድርጊ ስላሉኝ ጀዛከላህ። ቀደር መሆኑን አልክድም፤ እንዲያውም ሶብር እያደረግሁ ነው፣ ይህን ደብዳቤ በድንጋይ ፈንታ በወረቀት የላክሁልዎ ለዚሁ ነው። ብቻ በሞቴ፣ የራስዎን ስስት በአላህ አያሳብቡ። እሱ ዘይቱን አትቀይሩ አላለም።

ለጥበብዎ እሰግዳለሁ እንዳልል በአላህ ማጋራት፣ ሽርክ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ለታላቅ የሚገባውን አክብሮት ለወጉ ያህል አቅርቤ፣ ጡቴ ሳይደርቅ እሰናበትዎታለሁ።

ኑርሀያት ሐቢብ

ማሳሰቢያ፦ ደም ግፊትዎ ተነሥቶ ያዞርዎታል ሲሉ ሰማሁ። አይዞዎት፤ መኪናችን ሞተሯ ታድሶ ተመልሳለች፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ደሴ የምታደርስዎ እሷው ናት። ዘይቷንም እርስዎ እንደፈረዱት፣ እስኪያልቅ ድረስ ማንም እንዳይቀይረው ለዝናቡ አደራ ብየዋለሁ።