እትዬ ሙሉጌጥ በሬን ያንኳኩ ዕለት

ለወንድሜ ለሕዝቅያስ፣ ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ፤

እንዴት ከረምክልኝ ወንድሜ? ወገብህስ ተሻለህ? ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ መቆሙ ነው ያመጣበት እያለች እማዬ በየጸሎቷ ታነሳሃለች። ሩታስ እንዴት ናት? ሳያትዬ ጥርስ አወጣች? ሰፈሩስ ሰላም ሆነላችሁ፣ ወይስ አሁንም ሱቁን በጊዜ ነው የምትዘጉት?

እኛም ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እኔ ደህና አይደለሁም። በስልክ እንዳልነግርህ፣ በደወልክ ቁጥር እማዬ ጎኔ ተቀምጣ ታዳምጣለች። በርናባስ እረፍቱን ጨርሶ ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለሚመለስ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

እትዬ ሙሉጌጥ ማረፋቸውን የነገርኩህ ዕለት፣ "አጠገባቸው ሰው አልነበረም እንዴ?" ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አልነበረም አልኩህ። ዋሽቼህ ነው። እኔ ነበርኩ።

ከሥራዬ ልጀምርልህ፣ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ደንበኞችን አቤቱታ በስልክ እንደምቀበል ታውቃለህ። መስከረም ላይ መሃል ከተማ ያለው ቢሯችን ግማሹ ተዘጋና፣ ሰኞና ሐሙስ ብቻ እየመጣችሁ ሌላውን ቀን ከቤት ሥሩ ተባልን። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። በጠዋት ባጃጅ ጥበቃ መገተር ቀረልኝ፣ እማዬንም ምሳ አበላታለሁ ብዬ።

የሰፈራችን የታቦር ሰው ግን ከቤት መሥራት የሚባል ነገር ከየት ይወቅ? ለእሱ በሥራ ቀን ቤት የዋለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተባሯል። የእማዬ የጸሎት ጓደኞች አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰብሰብ ብለው መጡና እጃቸውን ጭነው ሥራ እንዲከፈትልኝ ጸለዩልኝ። በጆሮዬ አንድ የአዳማ ደንበኛ ፍሪጄ ተሰባብሮ ደረሰኝ እያለ ይጮህብኛል፣ ከራሴ በላይ "ጌታ ሆይ፣ በር ክፈትላት" ይባላል። ያን ጊዜ ገና መሳቅ እችል ነበር።

ሥራ እንዳለኝ ሲገባቸው ደግሞ ባሰ። ብርቅዬ፣ ፊት ለፊታችን ያለችው አስተማሪ፣ ያሰጣችውን በርበሬ ዝናብ ከመጣ አስገቢልኝ ብላ ትሄዳለች። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ የስድስት ቤት በር የምከፍት እኔ። የዕድሩ ለፋፊ ሞት የሚነግረው መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለጎረቤቱ ሁሉ ማዳረስ የእኔ ፋንታ። እየሠራሁ ነው ስላቸው፣ "ምን አለበት፣ ቤት አይደለሽ እንዴ?" ነው መልሱ። እነሱም አልተሳሳቱ፣ የጎረቤት ወጉ እንደዚያ ነው። እኛስ ያደግነው በማን ቤት ነው? እማዬ ሥራ ስትውል ምሳችንን ያበሉን፣ መናኸሪያ ካለው ሱቃቸው እየሮጡ መጥተው፣ እትዬ ሙሉጌጥ አይደሉም?

ድርጅቱ ግን ወግ አያውቅም። ኮምፒውተሩ ላይ የጫኑት ነገር አለ፤ ለአምስት ደቂቃ እጄን ካነሳሁ፣ አዲስ አበባ ባለችው አለቃዬ በማህሌት ስክሪን ላይ ስሜ ቀይ ይሆናል። ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አንዱ በበርበሬው፣ ሁለተኛው በቆጣሪው የተነሳ ነው። ሦስተኛው ስንብት ነው። ስለዚህ "ሥራ ላይ ነኝ፣ እባካችሁ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ" ብዬ ጽፌ የውጭ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ብርቅዬ አኮረፈችኝ። ሌሎቹም ሩሀማ ኮራች አሉ። እትዬ ሙሉጌጥ ብቻ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ ደግ አደረግሽ፣ እንጀራ ይከበራል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሥራ ሰዓት አንድም ቀን አንኳኩተው አያውቁም።

ጥቅምት ሃያ ስድስት፣ ረቡዕ ነው። እማዬ ቸርች ሄዳለች። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ካሜራ የግድ ነው፤ ማህሌት የወሩን ውጤት በየስማችን ታነባለች። ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ ሰው ይቅርታ እየጠየቀ እንደሚያንኳኳው። ከዚያ "ሩሂ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እሳቸው መሆናቸውን አውቄያለሁ፣ ሕዝቅያስ። ይህን ልብ በልልኝ። ወረቀቴን ያከበሩ ሴት ካንኳኩ ነገር እንዳለም አስቤያለሁ። አስቤ፣ ስብሰባው ይለቅና እወጣለሁ አልኩ። የበሩ ድምፅ እንዳይሰማ ማይኩን አጠፋሁት። እንደገና አንኳኩ። ከዚያ ተዉት፣ እኔም እፎይ አልኩ።

ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ማህሌት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ተሻሽለሻል አለችኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። በራቸው ገርበብ ብሏል፤ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ላብ በላብ ሆነዋል፣ ይተነፍሳሉ፣ ግን አላወቁኝም። ጮህኩ፤ ግዛቸው ባጃጁን አቁሞ ሮጦ መጣና ተሸክሞ ባጃጁ ውስጥ አስገባልኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ነፍሳቸው ነበረች። ከዚያ ብዙም አልቆዩ።

ሐኪሙ ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ ነው አለኝ። "ስኳር በውሃ በጥብጦ የሚሰጣቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም?" ሲለኝ፣ አልነበረም አልኩት። መጀመሪያ የዋሸሁት እሱን ነው። የስኳር በሽታውን መርፌ ከጀመሩ ወዲህ ቤታቸው ስኳር እንደማያስገቡ እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ያን ለመፈለግ ነው የመጡት። ስኳራችን የምሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ ነው የሚቀመጠው። ሳልነሳ እደርስበታለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ የሆነውንስ ምን ብዬ ልንገርህ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሽበሺ ብድግ ብለው፣ ይህች ልጅ ቤት ባትውል ኖሮ ማን ያገኛቸው ነበር፣ ስንት ቀን ወድቀው ይቆዩ ነበር አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ መረቀኝ። ብርቅዬ ሳትቀር ይቅር በይኝ ብላ ሳመችኝ። ሃሴት፣ ልጃቸው፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አንቺ ባትኖሪ እያለች ታለቅሳለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለእማዬ ነገርኳት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ዝም በይ፣ የሞተ አይመለስ፣ ይህን ማውጣት ሃሴትን ሁለተኛ ማስለቀስ ነው፣ እኛም እዚሁ ሰፈር ነዋሪ ነን አለችኝ። ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። እህል ግን አልወርድ አለኝ። ሃሴት በየቀኑ ምሳ ይዛልኝ ትመጣለች፣ እናቷን የገደልኩባት እኔን ልታጎርስ። አልቻልኩም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዘመድ ከተበተነ በኋላ፣ የእናቷን ልብስ ስታጣጥፍ ገብቼ ነገርኳት። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ማስጠንቀቂያ ነበረብኝ፣ ሁሉንም አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አስጠላኝ። አልጮኸችም። የያዘችውን ቀሚስ አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "እናቴን አዲስ አበባ ልወስዳት ቤት አዘጋጅቼ ነበር። አንቺ ከቤት መሥራት ጀመርሽ ሲሉኝ ነው የተውኩት። ሩሂ አለች ብዬ።"

ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ማግስቱን ልትሄድ ስትል መጣችና በራችን ላይ እንደቆመች የእናቷን ቤት ቁልፍ ጠየቀችኝ። እኛ ቤት የሚቀመጠውን፣ ከትንሽነትህ ጀምሮ ያለውን። አውጥቼ ሰጠኋት። አመሰግናለሁ አለችኝ፣ እንደ እንግዳ ሰው። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ለብርቅዬ ሰጠቻት። ብርቅዬ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፣ ቤት የሚውል ሰውም የላትም።

ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። ሥራውን አልተውኩትም፣ ብተወው ምን እንበላለን? ዛሬም ረቡዕ ነው፣ ከቤት ነው የዋልኩት።

ሩታን በብዙ ሳምልኝ፤ ለእሷ ብትነግራት አልከፋም። ሳያትን ጉንጯን ሳምልኝ። አብሮህ የሚሠራውን አሸናፊን ሰላም በልልኝ። እማዬ ሰላምታዋን ልካልሃለች፣ ምን እንደጻፍኩልህ ግን አታውቅም፣ አትንገርብኝ። ሃሴት ቁጥርህን ወስዳለች። ብትደውልልህ አትሟገትልኝ፣ ሥራ ላይ ሆና ነው አትበላት፤ እኔ ብያት አልሆነም። አንተም ከተቆጣኸኝ ተቆጥተህ ጻፍልኝ፣ የፈለግኸውን በለኝ። ዝም ብቻ እንዳትለኝ።

እህትህ ሩሀማ

ሀዋሳ፣ ታቦር
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.