ከጎጆዋ የምትሸሽ ጫጩት

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ በኃይሉ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? አባባ፣ እታለም፣ ልጆቹ፣ ላሟ ሳትቀር እንደምን ከረማችሁ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። በስልክ ያላወራሁህ እንባዬ ስለሚቀድመኝ ነው።

ልጅህን ራኬብን ከክረምቱ በኋላ ላምጣልሽ ብለኸኛል። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀልጣፋ ናት፣ አንቺም በዚሁ ዕድሜ ሄደሽ ሰው ሆነሻል አልክ። መልሴን ከመናገሬ በፊት የሆነውን ልንገርህ።

አሁን የምሠራው ለቡ፣ የአንድ ቀን ጫጩት የሚሸጥበት ቤት ነው። ጫጩቶቹ ከመፈልፈላቸው ይሮጣሉ፣ ራሳቸው ይለቅማሉ። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲራወጡ አይቼ፣ እነዚህማ ራሳቸውን ችለዋል ብዬ የሚያሞቃቸውን አምፖል አጥፍቼ ወጣሁ። ዝናቡ ጣለ። ስመለስ ሙቀት ፍለጋ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው፣ ከታች ያሉት ታፍነው ሞተዋል። ሠላሳ አንድ ነበሩ።

የእንስሳት ሐኪማችን ዶክተር አያንቱ ትቆጣኛለች ስል መጽሐፍ ገልጣ አንድ ቃል አሳየችኝ፤ ኒዲፊዩገስ ይላል። ከላቲን የመጣ ነው አለች፤ ኒዱስ ጎጆ፣ ፉጌሬ መሸሽ። እንደ ዶሮ ጫጩት ተፈልፍላ ወዲያው ከጎጆዋ የምትወጣ ማለት ነው። እንደ እርግብ ዐይኗ ሳይገለጥ ጎጆ ውስጥ የምትቆየው ሌላ ስም አላት። ከዚያ፣ «ስሙ የሚነግርሽ ስለ እግራቸው ነው። ሩጫቸውን አየሽ እንጂ ብርዳቸውን አላየሽም፤ እናታቸው ብትኖር ክንፏ ሥር ትከታቸው ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ሀና ማርያም እስክደርስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ለጫጩቶቹ ብቻ አልነበረም።

ወንድሜ፣ እኔም ቀልጣፋ ነበርኩ። አክስታችን ቤት በመጣሁ በሳምንቱ ገበያውንም ታክሲውንም ለመድኩ፤ ሁላችሁም ደስ አላችሁ። ታምሜ ስተኛ ግን ግንባሬን የሚዳብስ አልነበረም። የምጽፍላችሁ ደስ የሚያሰኛችሁን ብቻ ስለነበር በምን ታውቃላችሁ?

አሁንም ብቻዬን ነኝ። በሬን ከፍቼ ስገባ ደህና አመሸሽ የሚለኝ የለም፤ ራኬብ ብትመጣ ቤቴ ቤት ይሆን ነበር። ከእኔ በላይ የሚፈልጋት የለም። ግን ከንጋት እስከ ምሽት ሥራ ላይ ነኝ፤ እሷም ባዶ ቤት፣ እንደኔ ግንባሯን የሚዳብስ ሳይኖር ልታድግ ነው። እባክህ አታምጣት፤ ትምህርቷን እናቷ ዘንድ ትቀጥል።

የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። እታለምን፣ ትንሹን ኤልዳድን ሰላም በልልኝ። ራኬብን እቀፍልኝ፤ አክስትሽ አልፈለገችሽም እንዳትላት። ትራስ ገዝቼላት እንደነበር ንገራት።

እህትህ አስቴር
ሀና ማርያም፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.