ኩል ያረፈበት ካሜራ

አሶሳ፣
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለእፀገነት ሰጠኝ፣
ሻርጃ

እፀዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የዚያ አገር ሙቀት ጀመረ ወይስ ገና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን በእጄ ጽፌ፣ ገጹን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ነው የምልክልሽ። ስንደዋወል ኔትወርኩ ይቆራርጠናል፤ ባይቆራርጠንም ፊትሽ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ፊደሉ ከወትሮው ተልቆ ብታዪው አትገረሚ፤ ወፍራም እስክሪብቶ ነው የገዛሁት።

ዘንድሮ የእኛ ሁዳዴና የጎረቤታችን የነሼህ ባቢከር ረመዳን አንድ ላይ ገጥመው ከተማው ቀን ቀን ጭር ብሏል። ሠርግ የለ፣ ክርስትና የለ፣ አልፎ አልፎ ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ብቻ ይመጣል። እኔም ፎቶ ቤቱ በር ላይ ወንበሬን አውጥቼ ዳዊቴን እደግማለሁ። የግቢው ማንጎ በዚህ ዓመት ፍሬው በዝቶ ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ነው። ባየሁት ቁጥር እናትሽ ትዝ ትለኛለች። የቅጠሉ ጥላ ፊት ላይ አረንጓዴ ይጥላል አይደል? «ከዚህ ዛፍ ሥር ያነሳኸው ሙሽራ ሁሉ ወባ የያዘው ይመስላል» ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በቀለች ከሻርጃ ለፋሲካ ስትመጣ ይዛልኝ እንድትመጣ ከሁለቱ ካሜራ አንዱን ምረጥ ብለሽኛል። አንደኛው እንደ አሮጌያችን ውስጡ መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር፤ ሁለተኛው መስታወት የሌለው፣ እናንተ ሚረርለስ የምትሉት። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ አባባ አንተ የሚመችህን ንገረኝ ብለሻል። አንቺ ካሜራ ሻጭ ሆነሽ ምርጫውን ለእኔ መተውሽ ከአክብሮት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ልጄ፣ እንቅልፍ ነው የነሳሽኝ።

አሮጌውን ታስታውሺዋለሽ። ልጅ ሆነሽ «ጡቡ» ነበር የምትዪው። እኔና እናትሽ ከገነተ ማርያም መጥተን ይህን ቤት ስንከፍት በፊልም ነበር የምንሠራው፤ እሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠርግ ስንጠራ ሁለት ሆነን ነበር የምንሄደው፤ እኔ ለወንዶቹ ዳስ፣ እናትሽ ለሴቶቹ። ሙሽራዋ ሂና በምትቀባበት ቤት ወንድ ድርሽ አይልም። በሩ ላይ ካሜራውን ለእናትሽ አቀብልና እንደ ዘበኛ ውጭ ቁጭ እላለሁ። ከውስጥ እልልታው፣ ከበሮው፣ የእናትሽ ሳቅ ይሰማኛል፤ በመካከሉ ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው የካሜራው ድምፅ። ምን እያነሳች እንደሆነ ከድምፁ አውቅ ነበር። ሲፈጥን እየጨፈሩ ነው። ቆየት ብሎ አንዴ ብቻ ሲል የሙሽራዋን እጅ ነው።

ስትወጣ እቀበላትና እሷ ስታይበት በነበረው የካሜራው መስኮት ቀኝ ዓይኔን አደርጋለሁ። እናትሽ ለሠርግ ትኳል አልነበር? የመስኮቱ ጎማ ላይ የቀረው ኩል ዓይኔ ዙሪያ ይታተማል። እኔ ምኑንም ሳላውቅ ወንዶቹ ዳስ ገብቼ ሽማግሌዎቹን «ቀና በሉልኝ» ስል፣ ሼህ ባቢከር ጢማቸውን ይዘው ይንፈቀፈቁ ነበር። «ሰጠኝ! ዛሬ ሙሽራው አንተ ነው እንዴ? ወላሂ ተኩለህ መጣህ!» በመሐረቤ ስጠርገው የባሰ ይሰፋል። እናትሽ የዝና ደግሞ ከሴቶቹ ዳስ አጮልቃ እያየችኝ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። ያንን ጎማ እስከ ዛሬ አላጠብኩትም። ለምን እንዳላጠብኩት ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ያንቺ ጥያቄ ነው ያስጠየቀኝ።

እናትሽ ሕመሙ ሲጠናባት የሼህ ባቢከርን ልጅ ዓዲላን አልጋዋ አጠገብ እያስቀመጠች ካሜራውን አስተማረቻት። የሴቶቹ ቤት ያለ ሰው እንዳይቀር ነው። ዓዲላ ፊደል አታነብም፤ ስለዚህ እናትሽ ያንቺን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥታ መነካት ያለባቸውን ቁልፎች ቀባቻቸው። ቀይ ያለበትን ንኪ፣ ቀይ የሌለበትን አትንኪ፤ ትምህርቱ ይኸው ነበር። ዛሬም ዓዲላ በዚያው ቀለም ነው የምትሠራው።

እና ልቤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ዲኤስኤልአሩ ነው። ቁልፎቹ እዚያው ናቸው፣ ሌንሶቹ ይገጥማሉ፣ ድምፁም ያው ቀጭ ነው። ከዚያ ግን ራሴን ጠየቅኩ፤ ሰጠኝ፣ የምትመርጠው ካሜራ ነው ወይስ ትናንትን? ትናንትን ሻርጃ አይሸጡትም።

ወንደሰንን አታውቂውም። ጉባ ግድቡ ሥራ ላይ ፎቶ ሲያነሳ ቆይቶ ዓምና መጥቶ ከእኛ ማዶ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ተፎካካሪዬ ነው፤ ገበያ ሲጠፋ ግን እኔ ዘንድ ነው የሚውለው። «ጋሽ ሰጠኝ፣ ይህን ጡብ የሚሸከሙት ቤት ሊሠሩበት ነው?» ይለኛል። የእሱ ሚረርለስ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ይዞት መጥቶ ሳለ ሼህ ባቢከር ከመስጊድ ሲመለሱ አረፍ አሉ። «እስቲ አዲሱ ካሜራ እኔን ያንሳኝ» አሉ።

ወንደሰን አነሳቸው። እሳቸው ግን አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው እንደ ሐውልት ቀሩ።

«ጨርሰናል፣ አባቴ።»

ንቅንቅ የለም።

«አንስቼዎታለሁ እኮ!»

ከንፈራቸውን ሳያላቅቁ «አልሰማሁም» አሉት።

«ይኼኛው ድምፅ የለውም።»

«ድምፅ የሌለው ሌባ ነው!» ብለው ያን ሁሉ ትንፋሽ ለቀቁት። «ሰጠኝ፣ ያንተን አምጣ። ያንተ ቀጭ ሲል፣ ኸላስ፣ እኔ ይተነፍሳል።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። በፊልሙ ዘመን ሰው ተነቃንቆ እንዳይበላሽብኝ «ቀጭ እስኪል ትንፋሽ ያዙ» እል ነበር፤ ይኸው አገሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ሳቅን፣ አሳቅን። «ሌባ» ያሉት ቃል ግን ውስጤ ቀረ። ለካ ድምፁ ለሰውየው «ይኸው ወሰድኩልህ» ማለት ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ግን ነገሩ ይለያል። ተክሊል ላይ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ሳለ የእኔ ካሜራ ቀጭ ሲል ዲያቆኑ ዞር ብሎ ያየኛል። ዲያቆኑ ባያየኝ እንኳ ለእኔ ለራሴ ይታወቀኛል። በጸሎት ሰዓት ማንሳት የተውኩት ለዚያ ነው። ድምፅ የሌለው ቢኖረኝ እንደ ሻማ ጥግ ይዤ ቆሜ አነሳ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። በጥር የአንድ ጎረቤታችንን ልጅ ሠርግ አንስቼ ነበር። ካነሳሁት በብዙው ላይ የሙሽራዋ ፊት እንደ ጉም ሆኖ፣ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ጥለቱ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ። እናቷ አልበሙን አገላብጣ አገላብጣ «መጋረጃው እንዴት አምሮበታል፣ ጋሽ ሰጠኝ» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የምትለው ጠፍቷት ነው። ሌንሱ አቧራ ገብቶበት ነው ብዬ ለወንደሰን ሰጠሁት። ወደ ብርሃን ይዞ አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ ሌንሱስ ንጹሕ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር አላለም። ጨዋ ሰው ነው።

የራሱን ካሜራ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የእናትሽ ፎቶ አዞርኩት። መስኮቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ሳጥን መጥታ የእናትሽ ዓይን ላይ ቁጭ አለች። ወንደሰን አንዱን ቁልፍ ሲጫንልኝ ዓይኗ ቀርቦ ቀርቦ መስኮቱን ሞላው። እፀዬ፣ የኩሏን መስመር አየሁት። ወደ ጆሮዋ ትንሽ አስረዝማ የሳበችውን፣ ያንን። ፎቶው በየቀኑ ከፊቴ ነው የሚውለው፤ ግን ያንን መስመር ካየሁት… ቆይቷል። ወንደሰን «ጋሼ፣ ባትሪ ይበላል እኮ» ሲለኝ ነው ካሜራውን ያወረድኩት።

መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር። በአሮጌው የማየው ሰውየውን ራሱን ነው፤ በዚህኛው የማየው የሰውየውን ትንሽ ቴሌቪዥን ነው። እግዚአብሔር ያበራውን ብርሃን በቀጥታ ማየት ሌላ ነው እል ነበር። ማታ ስጸልይ ግን፣ ያ መስመር ከፊቴ አልጠፋ ሲል፣ የሚያሳይህን አትናቅ የተባልኩ መሰለኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ሚረርለሱን ላኪልኝ። ምክንያቴ አንደኛ የቤተ ክርስቲያኑ ጸጥታ ነው። ሁለተኛ ቀላል ነው፣ አንገቴን አይጎትተኝም። ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት።

ባለፈው በስልክ ዓይኔ ላይ ጠብታ ስጨምር አይተሽኝ ስትደነግጪ የጥር አቧራ ነው ብዬሽ ነበር። አቧራው እውነት ነው፤ ጥር ላይ እዚህ እንዴት እንደሚቦን ታውቂያለሽ። ሐኪሙም ጠብታውን አታቋርጥ፣ ያለውን ያቆይልሃል ብሎኛልና አታስቢ። «ሁሉን ጥዬ ልምጣ» ያልሽውን ግን ሁለተኛ እንዳልሰማው። የማታ ትምህርትሽን ሳትጨርሺ ከዚያ እግርሽን እንዳታነሺ። የእናትሽ አደራ ነው፣ የእኔ ብቻ አይደለም።

ደግሞ የዓፊያ ሠርግ ቀን ተቆርጧል። ካንቺ ጋር ማንጎው ላይ ስትንጠላጠል የነበረች የዓዲላ ልጅ ልታገባ ነው! ሼህ ባቢከር ከዒድ ማግስት ሊያደርጉት ነበር፤ «ጎረቤቴ ጾመኛ ሆኖ ሳይበላ አጨብጭቦ አይሄድም» ብለው ከፋሲካ በኋላ አደረጉት። እንግዲህ አስቢው፤ ሰውየው ለእኛ ሲሉ የልጅ ልጃቸውን ሠርግ አዘገዩ፤ እኔ ደግሞ ልጅቷን ጉም አልብሼ፣ መጋረጃ አድምቄ ላስረክባቸው? አይሆንም። የዓፊያን ፊት አጥርቼ ካላነሳሁ ፎቶ ቤቱን ለወንደሰን ለቅቄለት ዳዊቴን ብቻ ብደግም ይሻላል። ካሜራውን ለበቀለች ማድረስሽን አደራ የምልሽ ለዚያ ነው።

ለዓዲላ ስነግራት ተቆጣች። «የዝና ያሳየኝ ቀይ ነው። ቀይ የሌለው ካሜራ እኔ ምን ያደርጋል?»

«አሮጌውን ላንቺ ነው የምሰጥሽ። የሴቶቹ ቤት ካሜራ ሆኖ ይቀራል። አዲሱን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«በር ላይ ማን ያቀብለኛል ታዲያ?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ! ወዴት ልሄድ ነው?»

«እሺ። ግን ስወጣ ዓይንህን እንዳታስጠጋ፤ እኔም ይኳላል» ብላኝ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ወንበሬ ላይ ብዙ ቆየሁ።

የመስኮቱን ጎማ ነቅዬ አዲሱ ላይ ላድርገው ብዬ በወንደሰን ካሜራ ሞክሬው ነበር፤ አልገጥም አለ። መልሼ አሮጌው ላይ ተውኩት። እዚያው ይሁን። የዝና ያረፈችበት ላይ ዓዲላም ትረፍበት።

አሮጌዎቹን ሌንሶች ከአዲሱ ካሜራ ጋር የሚያገናኘውን ቀለበት አብረሽ ላኪ፤ አንዱን ሌንስ ለዓዲላ ትቼ በቀሩት እሠራለሁ። መብራት እንደምታውቂው ነውና ትርፍ ባትሪ አትርሺ። ድምፅ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል ይላል ወንደሰን፤ እስቲ አንቺ አረጋግጪልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ አጠፋዋለሁ፤ ለሼህ ባቢከር ግን ይኑር። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን እንደያዙ እንዳይቀሩብኝ።

አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ካሜራው አዲስ ነው፣ ጎማውም ምንም ያልነካው ንጹሕ ነው የሚሆነው። ለበቀለች ከመስጠትሽ በፊት ተኳይና አንዴ እዪበት። የሱቃችሁን በርም ይሁን መንገዱን፣ ደስ ያለሽን እዪ። እዪና ሳትጠርጊው ዝጊው። እዚህ ሲደርስ ዓይኔን እዚያው ላይ አሳርፋለሁ። ሼህ ባቢከር ይሳቁብኝ፤ ናፍቆኛል መሳቃቸው።

በሰው አገር የምትከፍቺውን በር ሁሉ እመቤታችን ቀድማሽ ትግባበት። እግዚአብሔር ያሠሪሽን ልብ ያራራልሽ፣ የማታ መንገድሽን ብርሃን ያድርግልሽ። እናትሽ በዓይኗ ያላየችውን ወግሽን እኔን በዓይኔ ያሳየኝ። አሜን በዪ።

አባትሽ
ሰጠኝ

ስሜን ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጅ ሳለሽ «በቀኝ ዓይንሽ እዪ፣ ግራውን ጨፍኚ» ብዬ ነበር ያስተማርኩሽ። አሁን ግን በግራሽ እዪልኝ። እኔም ከጥር ወዲህ በግራ ነው የማነሳው፤ ቀኙን ላሳርፈው ብዬ ነው።