ብርማ ብናኝ ለእማ ዓይን

ሰኞ፣ ጥር 19

ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ። «ቀና ይበሉ፣ ጆሮ ይታይ፣ አይሳቁ።» ይህችኑ ስደግም ዋልኩ። ጋሼ ዘውገ፣ የመርካቶው ስቱዲዮ ባለቤት፣ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ሰውየው አንገቱን ትንሽ ካዘነበለ ለእሳቸው ፎቶው ተበላሽቷል። ሕልም የሚመስል ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ ብላቸው፣ ሕልም ለፓስፖርት አይሆንም አሉኝ። ልክ ናቸው... ግን ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ለፓስፖርት ነው እንዴ?

ማታ እማ የጨርቅ ሱቋን ስትዘጋ ላግዛት ሄድኩ። ሰማያዊ ጨርቅ ለጠየቀቻት ሴት አረንጓዴ ለክታ እያጠፈችላት ደረስኩ። ሴትዮዋ ሳቀች። እማም አብራት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ኅዳር ላይ ሐኪሙ የነገረን እየሆነ ነው። የዓይን ግፊት። ጠብታው የቀረውን ለጊዜው ያቆይ እንደሆን እንጂ የሄደውን አይመልስም።

በሩን ልዘጋ ስል እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ይሄ የሚያበራው ምንድነው?»

ቅዳሜ ካነሳናት ሙሽራ ፊት የመጣች አንዲት የብልጭልጭ ፍሬ። አንጓዬ ላይ ተለጥፋ ቀርታለች፤ ብታጠብም አልወጣችም። ሰማያዊና አረንጓዴ የማትለየው እናቴ እሷን አየች። እንዴት?

ረቡዕ፣ ጥር 21

እራት ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ማሂ፣ አሁን ማንን ትመስያለሽ?» አለችኝ።

ወፍሬ በር አይበቃኝም ብዬ ቀለድኩ። ሳቀች። ቀጥላ ግን... ድምፄ እንዳለ ነው፣ ፊቴ ግን ዳመና ሆኖባታል። የምታስታውሰው የድሮውን ነው። ይህን ብላ ጨው አቀብይኝ አለችኝ። አቀበልኳት። እኔ ግን ምንም አልበላሁም።

ሳይጨልምባት በፊት አንድ ጊዜ ፊቴን እንድታየው እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ሐሳቡ እዚያው ገበታው ላይ መጣልኝ። የሚያበራ ነገር ይታያታል አይደል? ፊት በሙሉ በብልጭልጭ ቢሣል... ቅንድቡ፣ አፍንጫው፣ ከንፈሩ... በትልቁ ታጥቦ ሱቋ ውስጥ ቢሰቀልስ?

መጀመሪያ በዮርዲ እሞክራለሁ። ከስቱዲዮው አጠገብ ፀጉር ትሠራለች፤ ጓደኛዬ ናት፣ ቆንጆ መሆኗንም አሳምራ ታውቃለች። ከተሳካ የኔ ፊት ይከተላል። የኔ... ከመታወቂያ ፎቶ ወዲህ ማን አንስቶኝ ያውቃል? እኔ ከካሜራው ኋላ የምቆም ሰው ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ሶማሌ ተራ፣ ኑሪ ጋ። የጌጥና የመዋቢያ ዕቃ ጅምላ አከፋፋይ ስለሆነ ከካርቶን በታች ከሚገዛ ሰው ጋር ማውራት አይወድም። ለእማ እንደሆነ ስነግረው ወንበር ሳበልኝ። ብልጭልጭ የሚባል ሁሉ አንድ አይደለም አለ። ያኛው ሻካራው ለሠርግ ካርድ ነው፣ ዓይን አጠገብ እንዳታደርሺው፤ ለፊት የተሠራው ይሄ ደቃቁ ነው። ከየቀለሙ ቆንጠር እያደረገ በወረቀት ጠቀለለልኝ።

እቤት፣ በረንዳው ላይ፣ እማ ፊት ደረደርኳቸው። ወርቃማው... አላየችውም። ሮዙ... ምንም። ብርማው ላይ ስትደርስ ግን አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ይሄ ይጠራኛል» አለች።

ብርማ ይሁን።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ዝግጅት። ከእማ ሱቅ ጥቁር ከፈይ ጨርቅ ወሰድኩ፤ ከኋላ የሚሰቀል። ብልጭልጩ እንዲይዝ ቫዝሊን። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ በእጄ ስበትን አንድ ቦታ ይከመራል። ሳስብ ሳስብ... ወንፊት!

በርበሬ በረንዳ ሮጥኩ፣ እትዬ ሙሉብርሃን ጋ። የበርበሬ ነጋዴና የእማ የዱሮ ጓደኛ ናቸው። ከሁሉ ጥቅጥቅ ያለውን ወንፊት አዋሱኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ነጭ ሆነ። በራሴ ኮራሁ።

እሁድ፣ ጥር 25

የት ልጀምር?

ስቱዲዮው ዝግ ነው፤ ጋሼ ዘውገ ቁልፉን ሰጥተውኛል። ከኋላ ባለው ዕቃ ቤት ነው ያነሳሁት። የቆርቆሮ ጣሪያው ምስማር የበሳው ብዙ ቀዳዳ አለው። ክረምት ባልዲ የምንደረድርበት ክፍል፣ በጋ ጠዋት ላይ በብርሃን ክር ይሞላል። ዮርዲን መሃል ላይ አስቀመጥኳት። ወንፊቱን ከፊቷ ከፍ አድርጌ መታ... መታ... ብልጭልጩ በክሮቹ መሃል ቀስ እያለ ወረደ። ውጭ ተሸካሚ ዞር በሉ እያለ ይጮኻል፣ መኪና ጥሩንባ ይነፋል፤ እዚህ ውስጥ ግን መርካቶ የት እንዳለች ጠፍቶኛል። የተወሰነ አነሳሁ።

ከዚያ ዮርዲ፣ «ማሂ... ፊቴን ይቆጠቁጠኛል።»

ትንሽ ቆይቶ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ጣቴን ቀመስኩት። በርበሬ።

ውሃ፣ እንደገና ውሃ፣ ከዚያ ወተት። እንባና ብልጭልጭ እየተቀላቀለ በአንገቷ ወረደ። ሲሻላት ያለችኝን አልረሳውም፤ ወጥ ልትሠሪኝ ከሆነ ሽንኩርቱንም ጨምሪበት። ሁለተኛ ፊቷን እንደማትሰጠኝም ነገረችኝ። ይገባኛል።

ወንፊቱን ስመልስ ለእትዬ ሙሉብርሃን ተናዘዝኩ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ወንፊት ዕድሜውን ሙሉ በርበሬ ሲበላ ኖሮ በአንድ ቀን ይተፋዋል ብለሽ ነው?»

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ከመቆጥቆጡ በፊት ካነሳኋቸው አንዷ ጥሩ ወጥታለች። በጣም ጥሩ። ዮርዲ ራሷ አይታ ግማሽ ይቅርታ አደረገችልኝ። ጋሼ ዘውገ በትልቁ አጠቡልኝ፤ ፊቷ መሃል ላይ አይደለም ብለው ግን ማጉረምረማቸው አልቀረም።

ይዤ እማ ጋ በረርኩ። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ወደ በሩ ብርሃን ዞረች። አቀረበችው፣ አራቀችው፣ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ታምራለች፣ ማሻአላህ» አለች።

ፎቶውን ዘቅዝቃ ነበር የያዘችው።

አልነገርኳትም። ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ገብቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ሥራ ላይ ሐሳቤ የለም። አንድ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሳነሳው አላወቅኩም።

ማታ እማ፣ ፎቶዋ እንዳልታየቻት ራሷ ነገረችኝ። ቅር እንዳይለኝ ነው ታምራለች ያለችው። «ያቺ እጅሽ ላይ የነበረችው ግን ትንቀሳቀስ ነበር። እጅሽን ስታወዛውዢ ብልጭ፣ ጥፍት... ወረቀቱ ዝም አለኝ።»

ምን ነክቶኝ ነው ያላሰብኩት? ወረቀት ላይ ብልጭታ የለም። የብልጭታ ሥዕል ነው ያለው። የሚያበራው ፊቱ ላይ ያለው ነው... ሕያው ሰው ላይ፣ ፀሐይ እየነካው፣ እየተንቀሳቀሰ።

ፎቶውን ሳይሆን ፊቱን ነው ማምጣት ያለብኝ።

ዓርብ፣ ጥር 30

ዮርዲን ለመንኩ። ፊቴን አላበድርሽም፣ እጄን ግን ውሰጂ አለችኝ። በብሩሽ ትቀባኛለች። ወንፊት የሚባል ነገር በሩን እንዳያልፍ አስምላኛለች።

ፈራሁ። ብትቀመጥና ምንም ባታይስ? ያኔ ምን እላታለሁ?

እሁድ፣ የካቲት 2

ልጻፈው፣ ሳይበርድብኝ።

እማን እጇን ይዤ የስቱዲዮውን ደረጃ አወጣኋት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከካሜራው ኋላ ወንበር ሰጠኋት። እኔ ሰው ሁሉ በሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ትቀዘቅዛለች። ለካ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል።

ዮርዲ ቅንድቤን፣ የአፍንጫዬን መስመር፣ ጉንጬን፣ ከንፈሬን፣ አገጬን በብርማው ተከትላ ሣለችው። ስትጨርስ ዞር አለች። ፀሐይዋ በቀዳዳዎቹ ገብታ ፊቴ ላይ አረፈች። ትሞቃለች።

እማ ዝም።

ዝም።

ራሴን ቀስ አድርጌ ወደ ግራ አዞርኩ፣ ወደ ቀኝ... አልታያትም ማለት ነው ብዬ ልነሳ ስል፣

«ቆዪ፣ አትነሺ። አፍንጫሽ... የአባትሽ አፍንጫ መጣ።»

አባ ከሞተ ቆየ። አፍንጫዬ የሱ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

«ፈገግ በይ እስቲ» አለች። ፈገግ አልኩ። እሷም ከኔ እኩል ፈገግ አለች። እኩል! በድምፄ አይደለም፤ ምንም አልተናገርኩም። አየችኝ። እናቴ አየችኝ።

«ትልቅ ሴት ሆነሻል፣ ልጄ» አለች። «እኔ ደግሞ ትንሿን እየፈለግኩ ነበር።»

እንባዬ መጣ። ዮርዲ የእማን ጣት ይዛ የካሜራው ቁልፍ ላይ አስቀመጠችላት። አሁን ተጫኚ ልላት አፌን ስከፍት፣ «አትንገሪኝ፣ ራሴ አውቃለሁ» አለችኝ እማ። ጠበቀች። እንባው በብርማው መሃል መንገድ ሠርቶ እስኪወርድ፣ እኔም በራሴ አለቃቀስ እስክስቅ። ያኔ ተጫነችው። አንድ ጊዜ ብቻ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ፎቶው ዘሟል። አገጬ በግማሽ ተቆርጧል። ጆሮ አይታይም፣ ሻሼ ሸፍኖታል። በእንባው መስመር ላይ ብልጭልጩ ተጠራቅሞ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ፊት እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ዘውገ ብዙ ጊዜ አዩት። ተዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

«ማን ነው ያነሳው?»

«እናቴ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መስኮቱ ላይ ካለው ትልቅ የሙሽራ ፎቶ አጠገብ ቦታ አለ አሉ። ቆይተው ደግሞ ሙሽራዋን ራሷን አወረዷት። ከታች በትንሹ የእማን ስም ጻፍኩ። ሐጀራ። ስነግራት አፈረች፤ ወዲያው ግን ከሱቋ ጎረቤት ላሉት ሁሉ ራሷ አወራች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሐኪም ጋ ነበርን። አዲስ ነገር የለም። ጠብታው ይቀጥላል። የሄደው ሄዷል፤ የቀረውም ይሂድ ይቆይ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረኝ የለም። እፈራለሁ። እንደ በፊቱ ግን አይደለም።

አሁን ከሥራ ስወጣ ዮርዲ ጋ ጎራ እላለሁ፤ ቅንድቤና አፍንጫዬ ላይ ብርማውን ነካ ነካ ታደርግልኛለች። ኑሪ መንገድ ላይ አይቶኝ በየቀኑ ሠርግ ነው እንዴ ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ።

ዛሬ ማታ እማ ሱቅ በር ላይ ገበያተኛው ጢም ብሎ ነበር። ከኋላ ቆምኩ። ምንም አልተናገርኩም። የመጨረሻዋ ፀሐይ ከጎን በሰያፍ ፊቴ ላይ እያረፈች ነው። አንገቴን ትንሽ ወደ እሷ ዞር አደረግኩ።

እማ መለኪያውን አስቀመጠች።

«ማሂ፣ መጣሽ?»