የግንባሬን ስፋት ለለኩልኝ ሥራ አስኪያጅ

ለክብርት ወይዘሮ ሎይስ ሙቲንዳ
በሞምባሳ ሰሜናዊ ዳርቻ ለሚገኘውና፣ በነፃ እንዳላስተዋውቀው ስል ስሙን ለማልጠራው ሆቴል ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የደም ግፊትዎ ከፍርድ ቤቱ ውሎ ወዲህ መለስ እንዳለልዎ፣ እንቅልፍዎም እንደተስተካከለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ራሴን ትራስ ላይ ጥዬ፣ በፈለግሁት ጎኔ እየተገላበጥኩ እተኛለሁ፤ ይህ ተራ ነገር የሚመስለው በእርስዎ እንግዳ መቀበያ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተነሣሁት ሰሞኑን በዚሁ ጋዜጣ ያወጡትን ይቅርታ ካነበብኩ በኋላ ነው። ፍርድ ቤቱ በስምዎ ይቅርታ እንዲጠይቁ ሲያዝ በየትኛው ገጽና በምን ያህል ፊደል እንደሚወጣ ስላልወሰነ፣ እርስዎም በዚህች ቀዳዳ በሚገባ ስለ ተጠቀሙ፣ ማስታወቂያዎን ያገኘሁት በጠፋ የመኪና ሰሌዳና በሚሸጥ አሮጌ ማቀዝቀዣ መሀል ተጣብቆ፣ በአክስቴ መነጽር እየታገዝኩ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በአሠራራችን ምክንያት ፀጉሯን በሚመለከት ቅር የተሰኘች ሠራተኛ ካለች እናዝናለን።» ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም «ካለች» ለሚለው ቃል መልስ መስጠት ይገባኛል ብዬ አሰብኩ። አለች፣ ክብርት ሆይ። ስሟም ካድዞ ቻሮ ይባላል። ለምን ይቅርታ እንደ ጠየቁ ለመግለጽ ቦታ ስለ ጠበበዎት፣ ቀሪውን እኔ እንደሚከተለው እሞላልዎታለሁ።

አንደኛ። በእጅዎ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፀጉሬ የራሴ ነበር፤ አጭር፣ ንጹሕ፣ በኮኮናት ዘይት የታሸ። እርስዎ ከቢሮዎ ወጥተው ዙሪያዬን ከዞሩ በኋላ በዚያ በተመሰከረለት ትሕትናዎ «ይህን ቁጥቋጦ ተሸክመሽ ነው እንግዳዬን እንኳን ደህና መጡ የምትዪው?» አሉኝ። ወዲያው የሆቴሉን ደንብ ነገሩኝ፤ ፀጉር ትከሻን የሚያልፍ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሥራውም በእርስዎ ታናሽ እህት በፔኒና ፀጉር ቤት እንጂ በሌላ በማንም እጅ የማይነካ። ፔኒና የገዛ ፀጉሬን በኬሚካል ካለሰለሰችው በኋላ ከራሴ ቆዳ ጋር አጣብቃ ትጎነጉነውና፣ የተገዛውን ፀጉር በመርፌ እላዩ ላይ ትሰፋው ነበር። አመመኝ ስላት፣ «ዝም ብለሽ ቁጭ በይ እስቲ። ላላ ካለ ሎይስ የምትጮኸው እኔ ላይ ነው» ትለኛለች። ስትጨርስ ቅንድቤ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓይኔን ለመክደን እንኳ እታገል ነበር። ከጀርመን የመጡ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ቁልፋቸውን እየተቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ ምን አስደነገጠሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አልደነገጥኩም፤ በደንቡ መሠረት ተሠርቼ ነበር። ከፀጉር ቤት በተመለስኩ ቁጥር ግንባሬን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ እተኛለሁ። በጆሮዬ ዙሪያና በማጅራቴ መግል የያዙ ብጉሮች ይወጣሉ፤ እነሱ ሳይደርቁ ተራዬ ደርሶ እንደገና እሰፋለሁ።

ሁለተኛ። በጆሮዬ ግንድ በኩል ያለው ፀጉር ከነሥሩ እየተነቀለ በሚዶ ላይ መቅረት ሲጀምር፣ እንደ እናት አይቼዎት ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ሚዶውን አሳየሁዎት። እርስዎም ሚዶውን በሁለት ጣትዎ ይዘው መለሱልኝና «ታዲያ ምን ይጠበስ? በማጣበቂያ ዊግ ለጥፊበት» አሉኝ። ለጠፍኩበት። ማጣበቂያው በተላጠ ቁጥር የተረፈውን ይዞ ተላጠ። ለምክሩ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። ይህን ባልጽፈው እወድ ነበር። ነገር ግን ማስታወቂያዎን ካነበብኩ በኋላ ለእርስዎ ስል የምደብቀው ነገር የለኝም።

አባቴ ቻሮ ካታና ሲሞት ለቀብር ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ ካሎሌኒ ሄድኩ። በእኛ ቤት አባት ሲሞት ልጆቹ ራሳቸውን ይላጫሉ። አክስቴ ሲዲ ምላጩንና ውሃውን ይዛ ወንድሞቼን ከላጨች በኋላ ወደ እኔ ስትመጣ ስልኬ ጠራ። እርስዎ ነበሩ። ስለ አባቴ ያሉትን አንድ ቃል እስካሁን እየፈለግሁ ነው፤ ያገኘሁት ግን ይህን ብቻ ነው፦ «ስሚ ካድዞ፣ የእናንተን አገር ልማድ አውቀዋለሁ። መላጣሽን ይዘሽ ከመጣሽ እዚያው ቅሪ።» የታናናሾቼ የትምህርት ቤት ክፍያ በእኔ ትከሻ ላይ ነበር። እርስዎም ይህን ያውቁ ነበር፤ የቀጠሩኝ ዕለት ጠይቀውኝ ነግሬዎታለሁና። አክስቴን «ይቅርብኝ» አልኳት። ምላጩን ጨርቅ ላይ ጠረገችና፣ ለቅሶ ላይ በተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ፊት «ሞምባሳ አባት ሆነልሽ ማለት ነው» አለችኝ። ራሴን ለአባቴ ነፍጌ ለእርስዎ አዳራሽ ይዤው ተመለስኩ፤ እርስዎም ጥቂት በጥቂት ወሰዱት።

አራተኛ። ከዚያ በኋላ በአንድ ዕለት፣ በጠዋቱ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ወደ ፊት ጠሩኝ፤ ምስጋና መስሎኝ ወጣሁ። ዊጉን ከግንባሬ ገለጥ አደረጉና፣ መዳፍዎን ከቅንድቤ ጀምረው አንድ ጊዜ፣ እንደገናም አንድ ጊዜ አሳርፈው ለኩ። «ልጆች» አሉ፣ «እኛ አዳራሹን ለማስፋት ስንት ዓመት ባለቤቶቹን እንለምናለን፤ ካድዞ ግን ግንባሯን ማንንም ሳታስፈቅድ አሰፋችው።» ሳቁ። አጠገቤ የምትሠራው ኡማዚ እንኳ የራሷን ዊግ በእጇ ደግፋ ሳቀች። አልቀየምኳትም፤ ያልሳቀ ሰው ቀጥሎ እንደሚለካ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ወደማያየኝ ወደ ልብስ እጥበት ክፍል አዛወሩኝ።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ እውነተኛ ነው፤ እባክዎ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሉብኝ። በእጥበቱ ክፍል እንፋሎትና የማሽን ሙቀት ውስጥ ማጣበቂያዬ ቀልጦ በጉንጬ ሲወርድ ያዩ ማማ ዙህራ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንሶላውን ጣል አድርገው፣ «ነይ ወዲህ። ይህን የሞተ ድመት ከራስሽ ላይ አውርጂልኝ፤ ቀልጦ አንሶላዬን ሊያበላሽብኝ ነው» አሉኝ። አወረድኩት። እስከዚያ ቀን ማንም ያላየውን ራሴን አዩ። አልሳቁም፤ አላለቀሱልኝም። ከትከሻቸው ካንጋ የሚሉትን ባለ ቀለም ጨርቅ ፈትተው ራሴ ላይ ላላ አድርገው አሰሩልኝና፣ «ነገ ፈረቃሽን እኔ እሸፍናለሁ። ሆስፒታል ሄደሽ ለቆዳ ሐኪም አሳዪው። ቅባት የሚሸጥልሽ ሰው ጋ እንዳትሄጂ፣ ለሐኪም ነው ያልኩሽ» አሉኝ።

ሐኪሟ ራሴን በመብራት ስር ብዙ አየችው። «ማን ነው እንዲህ የጎተተሽ?» አለችኝ። ሥራዬ ነው አልኳት። በጣቷ እያሳየች፣ በቀኝ በኩል ጥቃቅን ፀጉር ብቅ ብቅ እያለ ስለሆነ ሥሩ አልሞተም፤ ካልጎተትሽው፣ ኬሚካልና ማጣበቂያ ካላስነካሽው ይመለሳል አለችኝ። በግራ በኩል ቆዳው እንደ መስተዋት ማብረቅ ጀምሯል፤ እዚያ ሥሩ ጠባሳ ሆኗል። «ይመለሳል ብዬ አልዋሽሽም» አለች። መግል ለቋጠረው መድኃኒት ሰጠችኝ፤ የቆዳው ቁጣ እንዲበርድም ዳር ዳሩን በመርፌ ወጋችኝ። በለስላሳ ሳሙና እንዳጥበው፣ እርጥብ ሳለ በሰፊ ሚዶ ከጫፉ ጀምሬ እንዳበጥረው፣ ስተኛ ለስላሳ ጨርቅ እንዳስርበት ነገረችኝ። ከሁሉ በላይ ግን እንድተወው። ክብርት ሆይ፣ ከእርስዎ ደንብ ሁሉ ይልቅ ለራሴ የጠቀመው ይህ ነው፤ መተው።

ከሆስፒታሉ ወጥቼ ወደ ሥራ አልተመለስኩም። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ ካሎሌኒ ገባሁ። አክስቴ ሲዲ ደጅ ካሳቫ ትልጥ ነበር። ካንጋውን ፈትቼ ፊቷ ተንበረከክሁ። ራሴን ዳሰሰችው፤ ጠባሳው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ይህን ማን አደረገብሽ?» አለች። ስምዎን ነገርኳት። የቀረችውን ፀጉር ሁሉ ላጨችልኝና በኮኮናት ዘይት አሸችኝ፤ ከዚያ እየመራች የአባቴ መቃብር ዘንድ ወሰደችኝ። «ቻሮ፣ ልጅህ መጥታለች። ዘግይታ ሳይሆን ታግታ ነው» አለችው። ያን ዕለት ነው ልከስዎ የወሰንኩት። ይቅር ማለት የሚያሳርፍ እንደሆነ ብዙ ሰዎች መክረውኛል። እኔን ያሳረፈኝ መክሰስ ነው።

ስለ ፍርድ ቤቱ እርስዎም ስላሉበት ላሳጥረው። ሆኖም አንዲቱን ቅጽበት አንባቢ ሳይሰማት ብትቀር ነውር ይሆንብኛል። አሠራሩ ጉዳት እንደሌለው ያስረዳልዎ ዘንድ ምስክር ያደረጉት እህትዎን ፔኒናን ነበር። ከሻርፗ ሥር ያመለጠውን የራሷን ወፍራም ሹሩባ እየነካካች፣ ደንበኞቿ ሁሉ ደስተኞች እንደሆኑ በሚገባ መሰከረች። ጠበቃዎም ፈገግ ብለው ተቀመጡ። ዳኛዋ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ ጠየቋት።

«አንቺስ፣ ይህን ሥራ በራስሽ ላይ ታሠሪያለሽ?»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ።»

«ኧረ በጭራሽ እመቤቴ። ፀጉሬ ይረግፍብኛላ።»

እርስዎ ከመቀመጫዎ ሆነው ገላመጧት። ፔኒና ወደ እርስዎ ዞር አለችና፣ ዳኛዋም ሁላችንም እየሰማን «ሎይስ፣ እንዲህ አትዪኝ። ምለሽ መስክሪ ብለሽ ያመጣሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። ከዚያ ወዲህ የማንም ምስክር አላስፈለገም። ደንቡ ተሻረ፤ ካሳውን ባለቤቶቹ ከፈሉ፤ ይቅርታው ለእርስዎ ቀረ፤ እርስዎም ከማቀዝቀዣው ጎን አስቀመጡት።

አሁን በኪሊፊ መንገድ ላይ በሚገኝ ሌላ ማረፊያ ቤት እንግዳ እቀበላለሁ። የቀኝ ጎኔ ሞልቶ ተመልሷል፤ ግራው ሐኪሟ እንዳለችው ባዶ ነው። አልሸፍነውም። እንግዳ አይቶ ዝም ካለ እኔም ዝም እላለሁ። ሲጠይቀኝ ግን ሙሉ ስምዎን፣ የሆቴልዎን ስምና ሆቴሉ ያለበትን መታጠፊያ ሳልሳሳት እነግረዋለሁ። ብዙዎች ይጠይቃሉ። ከመካከላቸው እርስዎ ዘንድ አልጋ ይዘው የነበሩ ሰርዘው እኛ ዘንድ ያደሩ እንዳሉ ስገልጽልዎ፣ ደስታዬን መደበቅ ስላቃተኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ በትልቅ ፊደል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፍርዱ ዕለት ደጃፍ ላይ የባሕሩ ንፋስ በድንገት ሲነሣ፣ ቦርሳዎን ጥለው በሁለት እጅዎ ራስዎን ሲይዙ አየሁ። ወዲያው ገባኝ። አልሳቅሁም፤ መዳፌንም ግንባርዎ ላይ አላሳረፍኩም። የቆዳ ክሊኒኩ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሐኪሟ አትዋሽም። አብሬዎት ተሰልፌ ተራ ልይዝልዎ እችል ነበር። አልይዝልዎትም።

የአዳራሽዎን ስፋት፣ የወለልዎን ንጽሕና፣ የደንብዎን ሬሳ ሁልጊዜ በአክብሮት እያሰብኩ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣

ካድዞ ቻሮ ካታና
ቀድሞ የሆቴልዎ ፊት፣ ቀጥሎ የሆቴልዎ አንሶላ አጣቢ፣ በመጨረሻም የሆቴልዎ ረቺ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ የምግብ ቤትዎ አስተናጋጆች ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ቀኑን ሙሉ አድርገው እንዲቆሙ ስላዘዟቸው ባለ ተረከዝ ጫማ አጫወቱኝ፤ የእግራቸውንም ጣቶች አሳዩኝ። እኔ ስለ እግር የማውቀው ነገር የለም። የጠበቃዬን ስልክ ሰጥቻቸዋለሁ።