ከስምህ ጎን የተሠራችው መስቀል

ይማሜ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛውም የጦሳን ተራራ ጉም አልብሶ ደጃችን ቆሟል። እኛ ያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነን፤ የት እንሄዳለን? አዲስ አበባ እኅቴን ልጠይቅ ብዬ ይለፍ ወረቀት ብለምን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ምክንያትሽ አያጠግብም ብሎ መለሰኝ። የእናትህ ዓይን ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን እንደተሳለ ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ስቀጥል እውልና ማታ ያንኑ ጠመዝማዛ እወጣለሁ። ታፍኛለሁ፣ ይማሜ። ለማን እንዲህ ይባላል? ላንተው ልበለው እንጂ።

አንተም ተይዘህ ነው የቀረኸው። አባትህን ልትቀብር ከጣሊያን መጣህ፤ መውጫ ቪዛ ተከለከልክ፤ የዓለምን ደቃቅ ቅንጣት ስታጠና የኖርከው ሰውዬ ደሴ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪ ሆነህ ቀረህ።

ሥራህን ግን አልተውክም። አብረውህ የተማሩት ሁለቱ ጓደኞችህ፣ ጣሊያናዊውና ፖላንዳዊው፣ ቅንጣት ከሚያጋጩበት ማሽን ያገኙትን ውጤት በፖስታ ይልኩልሃል፤ አንተ ስሌቱን ሠርተህ በፖላንዱ በኩል ትመልሳለህ፤ የሶሻሊስት አገር አድራሻ ብዙ አያስጠይቅም ብለህ። እንዲህ ሳትተያዩ ስንት ጽሑፍ አሳተማችሁ። እኔ አንዱም አልገባኝም። አንድ ቀን ብቻ ኮምቦልቻ መንገድ ያለው ኬላ ላይ ፈታሾቹ ከአውቶቡስ አውርደው ፀሐይ ላይ ሲያሰልፉን፣ እኔ የማጠናው ነገር በጦሳ ውስጥ ሰተት ብሎ ያልፋል፣ ድንጋዩም አያውቀው፣ ብለህ በጆሮዬ ነገርከኝ። እሱ መታወቂያ አይጠየቅም ወይ ብልህ ሳቅህ አመለጠህ። በሳቅህ ምክንያት ቦርሳህን እንደገና በረበሩት።

በመጨረሻው ዓመት ነገሩ ተበላሸ። የቀበሌ ሰዎች ስሌትህን አይተው ምስጢራዊ መልእክት ነው ብለው አሰሩህ፤ ከተፈታህ በኋላም የምትልከው ይድረስ አይድረስ አታውቅም ነበር፤ ከዚያም መልስ አይመጣ። ጉበትህ ታሞ ስትተኛ የሚያስጨንቅህ ሞቱ አልነበረም። ዝም ያልኳቸው መስሏቸው ስሜን ከጽሑፉ ይፍቁታል፣ ያ ሁሉ ልፋት የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል፣ ትል ነበር። ይህን ስትል ፊትህን ወደ ግድግዳው ታዞራለህ፤ እኔም ትራስህን አስተካክላለሁ።

ከቀብርህ በኋላ ጓደኛህ መምህር ጌታቸው የጨረስከውን ስሌት ሞትህን ከሚያረዳ ደብዳቤ ጋር ለፖላንዱ ላከልኝ። ወሬ ጠፋ። ልዋሽህ አልችልም፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ባለፈው ወር መጽሔቱ መጣ። ፖስታው ተቀድዶ ተመልሶ ተለጥፏል። ጌታቸው ገልጦ ከርዕሱ ሥር ጣቱን አሳረፈ፤ ሦስት ስም አለ፣ ያንተም አለበት። እናትህ መጽሔቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ፊደሉን ባያውቁም ከስምህ ጎን የተሠራችውን ትንሽ መስቀል አላጧትም። ያኔ ቤቱ ተናወጠ! ልጄን በመቃብሩ አከፈሩት፣ ክርስቲያን አደረጉት ብለው ጮኹ። በየዓመቱ ሚካኤልን የሚያነግሠውን ጌታቸውንም፣ ያንተ እጅ አለበት ብለው አፋጠጡት። ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆነ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ በገጹ ግርጌ ያለውን አነበበ። እማማ፣ ይቺ ምልክት የሃይማኖት አይደለችም፣ ከጻፉት መካከል በሞተው ላይ የሚያደርጓት ናት፤ ሁለቱ በሕይወት ስላሉ የላቸውም፣ አላቸው። እናትህ ጣታቸውን በመስቀሏ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱ።

«እንግዲያስ ለቅሶ ደርሰዋላ» አሉ።

በዚያው ሐሙስ ዱዓ አስደረጉ። ሼሁ የሁለቱን ፈረንጆች ስም እየተኮላተፉ ጠርተው፣ ለቅሶ የደረሰ እንደሚመረቅ መረቁላቸው። ሰዉ አሚን አለ፤ ጌታቸውም ከበሩ ጥግ አሚን አለ። እኔ አንተን እያሰብኩ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። የፈራኸው አልደረሰም፣ የኔ ዓለም። አልፋቁህም።

ስምህ ወጥቷል፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ነገም ጠዋት ኬላው ላይ ያወርዱናል። ፈታሹ መታወቂያዬን ያገላብጥና እንደ ልማዱ ባልሽ ማን ይባላል ይለኛል። ሟች ካልሽ ይበቃል ብሎኛል ስንቴ። አይበቃም። ስምህን ከነአባትህ፣ ከነአያትህ ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ። ኬላው እስኪነሳ ድረስ፣ ባወረዱኝ ቁጥር እነግረዋለሁ።