ዘይቱ ካልተጣደ አውሮፕላን የለም

ማክሰኞ

አልመጣም! ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ ጂንካ ኤርፖርት በር ላይ ተገትሬ፣ አራት ሰዓት ሲሆን “በደመና ምክንያት ተሰርዟል፣ ነገ ኑ” ተባልን። ታናሽ እህቴ ሰላም ዓርብ ጠዋት አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ትሆናለች። “እጄን ሳትይዢ አልገባም” ብላለች። ደግሞ አትገባም፤ አውቃታለሁ።

ስንጠብቅ ከበሩ ፊት ለፊት ባለችው የቆርቆሮ ሻይ ቤት ደብተሬን አውጥቼ ተቀምጬ ነበር። ባለቤቷ ማርታ ትባላለች፣ የአካባቢው የአሪ ብሔረሰብ ልጅ፣ ሳቂታ። ሻይዋስ ግሩም ነው። ቦምቦሊኖ ስላት ግን “ዛሬ የለም እህቴ” አለችኝ። ሊጡ ተሸፍኖ ተቀምጧል! በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቆይታ ስልክ ደወለች፤ በአሪኛ ሁለት ቃል አወራችና ለባጃጅ ነጂው ለታሪኩ በአገጯ ምልክት ሰጠችው። መሰረዙ ገና ሳይነገረን ሰውዬው ሻንጣዬን አንስቷል።

“እትዬ፣ ወደ ሆቴል አይደል?”

እንዴት አወቀ?

ረቡዕ

ዛሬም ቦምቦሊኖ የለም። ዛሬም አውሮፕላን የለም።

በመቅረታችን ይጠቀማሉ ብዬ የጠረጠርኳቸው፦ ማርታ (ሻይ ትሸጥልናለች)፣ ታሪኩ (ያመላልሰናል)፣ የሆቴሌ ባለቤት (የታሪኩ አጎት ሆኖ ተገኘ!)። ይህን ስጽፍ ማርታ ደብተሬን በጎን ታያለች። ቀና ስል ወደ አሪኛዋ ትገባለች።

አላስችል አለኝና ጠየቅኳት።

“ወንድሜ እዚያ ተራራ ላይ ያርሳል” አለችኝ። “ጠዋት ጠዋት እደውልለታለሁ። ደመናው ከማሳው በላይ ከወጣ ዘይት እጥዳለሁ። ካልወጣ ለማን ልጥበስ?”

አጠገቤ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ሳቁ። “እኛ እኮ ድስቷን አይተን ነው ሻንጣ የምንዘጋው።”

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የአርባ ምንጩ ሚኒባስ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ በሱ ብሄድ ነገ ማታ አዲስ አበባ እገባለሁ። ከቀረሁና ነገም አውሮፕላን ከሌለ አበቃልኝ። ማርታ “አትሂጂ፣ ነገ ይጠራል” ትላለች። ደንበኛ እንዳይሄድባት ቢሆንስ?

ሚኒባሱ በወይጦ መንገድ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ለምን እንዳልተሳፈርኩ እኔም አላውቅም።

ሐሙስ

ዘይቱ ተጥዷል!

ደመናው ግን ለእኔ ያው የትናንቱ ነው። እኔን ለማጽናናት ይሆን የጣደችው? ሁለት ቦምቦሊኖ በላሁ፣ እየተጠራጠርኩ። ሰላም ደወለች።

“የት ደረስሽ?”

“ሻይ እየጠጣሁ ነው።”

“ሻይ?!” ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።

ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ማርታ ጭልፋዋን እንደያዘች ወደ ሰማይ ቀና አለች። ከሁላችንም ቀድማ ሰማችው። ከዚያ እኛም ሰማነው።

ስሰናበታት አፈርኩ። “ጠርጥሬሽ ነበር” አልኳት።

“እኔስ!” አለች። “ትጽፊያለሽ፣ ቀና ብለሽ ታዪኛለሽ፣ ደግሞ ትጽፊያለሽ። ከንግድ ቢሮ የተላክሽ መስሎኝ! ታሪኩን በአገጬ ‘ይህችን ሴትዮ ቶሎ ወደ ሆቴሏ ውሰድልኝ’ ያልኩት ለዚያ ነበር።”

ታሪኩ ሻንጣዬን እንደተሸከመ ምንም እንዳልሰማ ሰማዩን ያያል።

ለሰላም አራት ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። ሐኪሞቹ ከኦፕራሲዮን በፊት እንድትበላ እንደማይፈቅዱላት ለማርታ አልነገርኳትም። አሁን ተነስተናል፣ ጂንካ ከክንፉ በታች ቀርታለች። ነገ ጠዋት የእህቴን እጅ እይዛለሁ። ወረቀቱ ግን ጭኔ ላይ ይሞቃል፤ ሰላም ከኦፕራሲዮኑ እስክትነቃ ቦምቦሊኖው መቆየቱን እንጃ።